የተውበት በር ጠባቂዎች አይደለንም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ወንጀል (ኃጢአት) እና ስለ መጪው ዓለም ቅጣት በጋዜጣችሁ ላይ የሚወጡትን ጽሑፎች ዘወትር በአክብሮት አነባለሁ። ማስጠንቀቅ የሃይማኖት አንዱ ክፍል በመሆኑ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ይቁም የምል አይደለሁም። ነገር ግን ከማስጠንቀቂያው ጎን ሊቆም የሚገባው የተውበት፣ ማለትም ተጸጽቶ ወደ አላህ የመመለስ፣ ጉዳይ፣ በተለይም ወደ አላህ ለመመለስ የተነሣን ሰው እኛ ሌሎቹ እንዴት ልንቀበለው እንደሚገባን፣ የሚገባውን ያህል ሲነገር ስለማልሰማ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ለብዙ ዓመታት ከሶላት ርቆ የቆየ አንድ ወዳጄ አንድ ቀን ለጁምዓ መጥቶ ከጎኔ ሰገደ። ሶላቱ እንዳበቃ ሌሎች እየሰሙ «ዛሬ ደግሞ ምን አመጣህ? ያ ሁሉ ወንጀል በአንድ ጁምዓ የሚታጠብ መስሎህ ነው?» አልኩት። በጊዜው የመከርኩት መስሎኝ ነበር። እርሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በመስጂዱ አላየሁትም።

ያልኩት ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበር የተረዳሁት በኢማም ሙስሊም የሐዲስ መድብል የተዘገበውን አንድ ሐዲስ (የነብዩን ንግግር) ሳነብ ነው። የነብዩ ባልደረባ ጁንዱብ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው «ወላሂ፣ አላህ እገሌን አይምረውም» ብሎ ስለ መማሉ ከተናገሩ በኋላ፣ አላህ «እገሌን አልምረውም ብሎ በእኔ ላይ የሚምለው ማን ነው? እርሱን ምሬዋለሁ፤ ያንተን ሥራ ግን አበላሽቻለሁ» እንዳለ ነግረውናል። ሰውየው የማለው ምናልባት ለሃይማኖቱ ተቆርቁሮ ይሆናል። ቢሆንም የባለቤቱን ሥልጣን ነጥቆ በሌላ ሰው ላይ ፈርዷልና የጠፋው የራሱ ሥራ ሆነ። ይህን ሳነብ ደንግጫለሁ፤ ዛሬም ባስታወስኩት ቁጥር እደነግጣለሁ።

በሱረቱ አዝ-ዙመር 53ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) «እናንተ በነፍሶቻችሁ ላይ ድንበር ያለፋችሁ ባሮቼ ሆይ! ከአላህ እዝነት ተስፋ አትቁረጡ፤ አላህ ኃጢአቶችን በመላ ይምራልና» ይላል። በዚህ አንቀጽ ውስጥ ዘወትር ልቤን የሚነካው «ባሮቼ» የሚለው ቃል ነው። ጥሪው የሚደርሰው ድንበር ላለፉት ነው፤ ድንበር በማለፋቸውም የእርሱ ባሮች መሆናቸው አልቀረም። እኛ ግን አንድን ሰው በጥፋቱ ስም ሰጥተን «ያ ሰካራም»፣ «ያ አጭበርባሪ» ካልነው፣ ከተመለሰ በኋላ እንኳ ስሙን አንመልስለትም።

ዘጠና ዘጠኝ ነፍስ ያጠፋው ሰው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የምሕረትን ስፋት ለማሳየት ነው። እኔ ደግሞ ስለ ሁለቱ መላሾች እንዲነገር እሻለሁ። በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ መድብሎች እንደተዘገበው ሰውየው መጀመሪያ የሄደው ወደ አንድ መነኩሴ ነበር፤ መነኩሴውም «ተውበት የለህም» አለው። ተስፋው የተቆረጠበት ሰው እርሱንም ገድሎ መቶ ሞላ። ቀጥሎ ያገኘው ዐዋቂ ግን «በአንተና በተውበት መካከል ማን ሊቆም ይችላል?» ካለው በኋላ፣ አላህን የሚያመልኩ ሰዎች ወዳሉበት አገር እንዲሄድና ወደ ክፉው አገሩ እንዳይመለስ መከረው። ሰውየው በመንገድ ላይ ሞተ፤ የእዝነትና የቅጣት መላእክት ሲከራከሩበትም ርቀቱ ተለክቶ ወደ መልካሙ አገር በአንድ ስንዝር ቀርቦ በመገኘቱ የእዝነት መላእክት ወሰዱት። መነኩሴው በዒባዳ (በአምልኮ) የበረታ ሰው ነበር፤ የጎደለው ዕውቀት ነው። ዐዋቂው ደግሞ በሩ ክፍት መሆኑን ነግሮ ብቻ አላሰናበተውም፤ ከማን ጋር መኖር እንዳለበትም አመልክቶታል። ከዚህ እንደምረዳው ለተጸጸተ ሰው የሚያስፈልገው የሚቀበለው ጀማዓም (የአማኞች ስብስብም) ጭምር ነው። እርሱ የሚሄድበት መልካም አገር ደግሞ እኛ ካልሆንን ማን ሊሆን ነው?

በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን በመጠጥ ምክንያት እየተደጋገመ ይቀርብና ይቀጣ የነበረ አንድ ሰው ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ «አላህ ይርገመው፤ ስንት ጊዜ ይመጣል!» ሲል ነብዩ «አትርገሙት፤ በአላህ እምላለሁ፣ እኔ የማውቀው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ ነው» አሉ። በሌላ ዘገባም «በወንድማችሁ ላይ ለሸይጧን አጋዥ አትሁኑ» ብለዋል። ቅጣቱ አልቀረለትም፤ መጠጡም ትክክል ነው አልተባለም። የተከለከለው ሰውየውን ከእዝነት ማስወጣት ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የማስታውሰው ግን የነብዩን ባልደረባ የከዕብ ኢብኑ ማሊክን (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ነብዩ ወደ ተቡክ ሲዘምቱ ከዕብ ያለ ምክንያት ቀሩ። ከሰማንያ በላይ የሆኑ ሌሎች ቀሪዎች ሰበብ እየደረደሩ ሲምሉ፣ ከዕብ ግን ምንም ምክንያት እንዳልነበራቸው እውነቱን ተናገሩ። እርሳቸውንና ሁለት ባልንጀሮቻቸውን ሰው እንዳያነጋግራቸው ታዘዘ፤ ምድር ጠበበቻቸው። ከሃምሳ ሌሊት በኋላ ተውበታቸው ተቀባይነት ማግኘቱ ተነገረ፤ አንድ ሰው ከተራራ ላይ ሆኖ «ከዕብ ሆይ፣ ተደሰት!» ብሎ ሲጣራ ከዕብ ለምስጋና በሱጁድ (ግንባራቸውን መሬት ላይ አድርገው) ወደቁ። ወደ መስጂድ ሲገቡ ጠልሐ ኢብኑ ዑበይዲላህ (ረ.ዐ) ከተቀመጡበት ተነሥተው እየሮጡ መጥተው ጨበጧቸው፤ የምሥራችም አሏቸው። ከዕብ ይህን ታሪክ ካረጁ በኋላ ሲናገሩ የጠልሐን አነሳስ ፈጽሞ እንደማይረሱት ገልጸዋል። የነብዩም ፊት በደስታ ያበራ ነበር። አንድ ሰው ተነሥቶ እጅ መጨበጡ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ሆኖም በተጸጸተ ሰው ልብ ውስጥ ዕድሜ ልክ ይኖራል።

ይህን ስል ተውበትን ርካሽ እያደረግሁ እንዳይመስል አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ኢማም አን-ነወዊይን የመሳሰሉ ዑለማዎች እንደሚያስተምሩት፣ ተውበት ወንጀሉን መተውን፣ በሠሩት መጸጸትንና ዳግም ላለመመለስ መቁረጥን ይጠይቃል። ጉዳዩ የሰው ሐቅ (መብት) ከሆነ ደግሞ ሐቁ ለባለቤቱ ሊመለስ ይገባል፤ ገንዘብ ከሆነ ገንዘቡ ይመለሳል፣ በደል ከሆነ የተበደለው ሰው አፉ እንዲል (ይቅር እንዲል) ይጠየቃል። በቂያማ ዕለት ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ መጥቶ ሳለ፣ አንዱን በመስደቡ፣ የሌላውን ገንዘብ በመብላቱ መልካም ሥራው ለተበዳዮቹ ተከፋፍሎ የሚያልቅበት ሰው እውነተኛው ከሳሪ እንደሆነ ነብዩ ነግረውናል። የሰው ገንዘብ ይዞ «አላህ መሓሪ ነው» የሚል ሰው ካለ፣ የያዘው ተስፋ አይደለም። እንዲሁም ሞት ሲደርስ ብቻ «አሁን ተጸጸትኩ» ለሚሉ ተውበት እንደሌላቸው በሱረቱ አን-ኒሳእ 18ኛው አንቀጽ ላይ በግልጽ ተነግሯል። ሆኖም ይህን ሁሉ ለሰው የምንነግረው በሩ ክፍት ሳለ እንዲገባ ለማፋጠን ነው፤ ከደጁ ልንመልሰው አይደለም።

እኔ ራሴ የወዳጄ ባለዕዳ ነበርኩ። በሰው ፊት አዋርጄዋለሁና አላህን ምሕረት መጠየቄ (ኢስቲግፋር ማድረጌ) ብቻ አይበቃኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ሄጄ የተናገርኩትን ሳላሳንስ ነግሬው «አፉ በለኝ» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «እኔስ አፉ ብዬሃለሁ፤ ግን ያልከው ነገር እውነት መስሎኝ ነበር» አለኝ። የአዝ-ዙመርን አንቀጽ አብረን አነበብነው፤ ደግሜ እንዳነብለትም ጠየቀኝ። በሚቀጥለው ጁምዓ ቀድሜ ደርሼ በመስጂዱ በር ላይ ልጠብቀው ተቀጣጥረናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ