ለኮልፌ ጎረቤቶቼ፤ በገና ሌሊት ቤቴን ለጠበቃችሁልኝ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። ከዚህ በፊት ቤት ለቤት እየዞርኩ አመስግኛችኋለሁ። አልበቃኝም። አንዳንዶቻችሁን ቤት አጣኋችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ "ኧረ ምን አደረግንና ነው?" እያላችሁ አላስጨርስ አላችሁኝ። እዚህ ላይ ግን የሚያቋርጠኝ የለም።

ነገሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ሲነግሥ ለመገኘት ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ሄድን። ስለት ነበረብኝ። ቁልቢ በዓመት ሁለቴ፣ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ነው የሚነግሠው። የሐምሌው ከክረምቱ ጋር ስለማይመቸን የታኅሣሡን መረጥን። የተሳልኩትን ጃንጥላ አስገብቼ፣ ከዚያ ድሬዳዋ ወረድን። ከዚራ የሚኖረው ወንድሜ "ገናን ሳታከብሩ አትሄዱም" ብሎ ያዘን። የቤት ሠራተኛችንም ለበዓሉ ወላጆቿ ጋ ሄዳ ነበር። ቤቱ ባዶ ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ደግሞ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ሮጠን የምንደርስበት አልነበረም።

በገና ሌሊት ሌቦች በጓሮ በኩል ገቡ። አጥሩ ላይ የተተከለውን የጠርሙስ ስባሪ በጆንያ ሸፍነው ነው የተሻገሩት። የጓሮውን መስኮት ብረት ቆረጡ። ቴሌቪዥኑን በጋቢዬ ጠቀለሉት። ሲሊንደሩን ከምድጃው ፈትተው አወጡ። ሲንጀሬን ከነጠረጴዛው ጎትተው በር አጠገብ አደረሱት። ከሁሉም የሚያስደነግጠው ግን የደንበኞቼን ቀሚሶች በአንሶላ ቋጥረው አጥሩ ሥር አስቀምጠውት ነበር።

የማታውቁኝ ካላችሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባል የለ? በታኅሣሥ መጨረሻ ቤቴ የሰው ቀሚስ መጋዘን ነው። ጥልፉ ያለቀ፣ ጫፉ የቀረው፣ ለልክ የሚጠበቅ። ቴሌቪዥን ይገዛል። የሰው የጥምቀት ቀሚስ ጠፋብኝ ብዬ የማን ደጅ እቆማለሁ?

ሐጂ፣ ከእርስዎ ልጀምር።

በገና ሌሊት የሰፈራችን ግማሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴው እስኪያልቅ ሌሊቱ ይጋመሳል። ይህን ሌባም ያውቀዋል። እርስዎ ማታውኑ ልጆችዎን ሰብስበው "ጎረቤቶቻችን ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ዛሬ እንቅልፍ አታብዙ" ማለትዎን የነገረችኝ ባለቤትዎ ናት። እርስዎ አልነገሩኝም። ስጠይቅዎም "አላህ ነው የጠበቀው" ብለው ወሬ ቀየሩ። ይሁን፣ እሱ ጠብቋል። የእርስዎ ቤተሰብ ግን ነቅቷል።

የሐጂ ሁለተኛው ልጅ፣ አንተንማ ምን ልበልህ? መብራት ጠፍቷል፤ ሰዓቱ ወደ ሌሊቱ 8 ነው። ብረት ሲሞረድ ሰማህ። ሌላ ሰው ቢሆን ወዲያው ይጮህ ነበር። አንተ መጀመሪያ ለሰፈራችን ጥበቃ ደወልክለት። እሱ በጓሮ በኩል ዞሮ ጆንያውን በባትሪ ካየ በኋላ ነው "ሌባ!" ያላችሁት። በፊት ለፊት አንተና ወንድሞችህ፣ በጓሮ ጥበቃው በዱላው። የያዙትን ጥለው በጎን ባለው አጥር ዘለሉ። የሄደው አንድ ታብሌትና የባለቤቴ የእጅ ሰዓት ብቻ ነው። ሄዶ ይቅር።

ጥበቃችን ሆይ፣ በየወሩ ከየቤቱ የምናዋጣልህ ብር ለዚያ ሌሊት አይበቃም። ይህን በሚቀጥለው የሰፈር ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ፤ ከአሁኑ ተዘጋጁ።

991 ተደውሎ ፖሊሶቹ መጡ። ምንም እንዳይነካ አሉ፤ መዝግበው፣ አይተው፣ ሌሎቹንም ቤቶች ዞረው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያለውን ነው እየደጋገምኩ የማስበው። መስኮቱ ክፍት ነው። ቤቱ ባለቤት የለውም። ስለዚህ በሬ ላይ ተቀምጣችሁ አነጋችሁ። የእድራችን ጸሐፊ ዕቃ ቤቱን ከፍተው ወንበር አወጡ። ከቅዳሴ የተመለሱት እናቶች በዚያ ጨለማ የእድር ወንበር በሬ ላይ ተደርድሮ ሲያዩ ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ አሉ። አንዷማ ማልቀስ ጀምራ ነበር። ማንነቷን አልናገርም፤ እሷ ግን ታውቀዋለች። ለእኔ የተለቀሰልኝን በቁሜ ሰማሁት።

ደግሞ ወዲያው አልደወላችሁልንም። "ከቅዳሴ ይመለሱ፣ ይፈስኩ፣ ዶሮውን ይቅመሱ፣ ከዚያ ይሰሙታል" ተባባላችሁ። ያን ሁሉ ጾም ጾማችሁ በድንጋጤ አትግደፉ ማለታችሁ ነው። ስልኩ ሲመጣ ወሬው ከነመፍትሔው መጣ። ሌባ ገብቶ ነበር፣ ተባረረ፣ ልብሱ ሁሉ አለ፣ መስኮቱ እየተበየደ ነው።

አዎ፣ በገና ዕለት! በያጃችን የበዓል ጠላውን ትቶ መጥቶ መብራቱ እስኪመለስ ጠበቀ፤ ከዚያ ከበፊቱ የወፈረ ብረት ገጠመበት። የእጅ ዋጋ አልቀበልም ብሏል። የብረቱንና የኤሌክትሮዱን ብቻ ወሰደ። የልጁ ክርስትና ሲደርስ የእናትየው ቀሚስ በእኔ ነው፤ እምቢ ማለት አይቻልም።

አሁን ደግሞ ወደ ፊት ለፊቷ እትዬ ልምጣ። የእርስዎ ሥራ ሌቦቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው የተሠራው፤ ስለማይታይ ነው ማንም ያላወራለት።

ከመሄዳችን በፊት እኔና ባለቤቴ የሚደረገውን አድርገናል። ሲሊንደሩን ከአንገቱ ዘጋን። ከፍሪጅ፣ ከካሜራው ራውተርና ከበረንዳ መብራት በቀር ሁሉንም ነቀልን። የቤቱን ካርታና ያለችኝን ወርቅ አማቴ ጋ አኖርን። ትልቁን ጓጉንቸር ከውጭ አላንጠለጠልንም፤ እሱ "ቤት የለንም" የሚል ማስታወቂያ ነውና። ልጆቼንም ፎቶ እስክንመለስ እንዳይለጥፉ አስምያቸዋለሁ። ቁልፉን ለእትዬ ሰጠሁ፤ ቁጥሮችም ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩ። 991 ፖሊስ፣ 939 እሳት አደጋ፣ 905 መብራት፣ 906 ውሃ።

እርስዎ ግን እትዬ፣ ቤቱን ሰው እንዲኖርበት አደረጉት። ማታ ማታ የበረንዳውን መብራት አብርተው፣ ጠዋት አጠፉ። ቀን የሚበራ መብራት ሌባን እንደሚጠራ ያወቁት ከየት ነው? የቆሻሻ ማኅበሩ ልጆች በሚመጡበት ቀን የራስዎን ማዳበሪያ በእኛ በር ላይ አስቀመጡ። የልጅ ልጆችዎን ልብስ በእኛ ገመድ ላይ አሰጡ። የካርድ ቆጣሪው ሊያልቅ ሲል ሞሉ፤ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ቅቤዬ እንኳ አልተበላሸም። ውሃ በፈረቃው ሌሊት ሲመጣ ሮቶው ሞልቶ እንዳይፈስ ተነስተው አዩ። በእድሜዎ!

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖረው እህቴ ይህን ስነግራት ሳቀች። እዚያ አገር ሰው ለዕረፍት ሲሄድ ፖስታ ቤቱን ደብዳቤዬን ያዙልኝ ይላል። ከ3 እስከ 30 ቀን ይይዙለታል። በር ላይ የተከመረ ደብዳቤ ሰው እንደሌለ ያሳብቃላ። መብራታቸውንም በሰዓት የሚበራ የሚጠፋ ዕቃ ላይ ይሰካሉ። እኛ ጋ ደብዳቤ በር ድረስ አይመጣም፤ ፖስታ ሳጥን ነው። እኛን የሚያሳብቀን ያልወጣ ማዳበሪያ፣ ባዶ የልብስ ገመድና ሳይነካ የከረመ የበር እጀታ ነው። "የናንተዋ እትዬ ከኛ ሰዓት ቆጣሪ ትበልጣለች" አለች እህቴ። እኔም በዚህ እስማማለሁ።

ካሜራም ነበረን እኮ። የባለቤቴ ወንድም የገጠመልን ነው፤ ድሬዳዋ ሆነን በስልክ ግቢያችንን እናይ ነበር። ደስ ይላል። ያን ሌሊት መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ጠፋ፤ ካሜራውም አብሮ ተኛ። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ አለ ተብሏል፤ እንገዛለን። ካሜራን አልጠላም። ግን ቀን ማን እንደሚገባና እንደሚወጣ፣ የኛ ውሻ መቼ እንደሚጮህና ብረት ሲሞረድ የበያጅ ይሁን የሌባ የሚለየው ሰፈርተኛው ነው።

የመጣው መርማሪ የነገረኝ ግምት አለ። ሌቦቹ እኛም እንደሌላው ቤተ ክርስቲያን ሄደን ልንመለስ ነው ብለው ሳይቸኩሉ አልቀሩም ይላል። ለዚህ ነው ቀላል ቀላሉን ሳይለዩ ከባድና ቀላሉን አንድ ላይ ያንጋጉት። ከተማውን ለቀን እንደወጣን ቢያውቁ ኖሮ ተዝናንተው ይጭኑት ነበር። ግምቱ ልክ ከሆነ ቀሚሶቹን ያዳናቸው የእትዬ ማዳበሪያና የልብስ ገመድ ነው።

ባለሱቃችን፣ በየቀኑ አንድ ሰው መጥቶ "የት ሄዱ?" ሲልህ "አሉ፣ አሁን ወጡ" ስትል የከረምክ፣ ውሸትህ ይጻፍልህ። ድሬዳዋ ያላችሁ ወንድሜና ሚስቱ፣ ዜናውን ስሰማ የያዛችሁኝ፣ አመሰግናለሁ። ደንበኞቼም ቀሚሳቸው ከተፈታ አንሶላ ሲወጣ እያዩ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አቧራ የነካቸውን ሁለቱን አጥቤ ተኩሻለሁ።

ሐጂ፣ ለዒድ ቤተሰቡን ይዘው ወሎ ሊሄዱ እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። ቁልፉን ለእኔ ይስጡኝ። የትኛው መብራት ማታ እንደሚበራ ባለቤትዎ ታሳየኝ፤ ማዳበሪያዬን እናንተ በር ላይ አስቀምጣለሁ፤ ልጄም ሰርቪሱ ውስጥ ያድራል።

አንድ ነገር ቀረ። ሦስት ቀሚስ እስካሁን አልተወሰደም። አንዱ ወርቃማ ጥልፍ፣ ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው። ባለቤቶቹ ከከተራ በፊት ኑና ልኩን እንይ። በከተራ ዕለት ከሰዓት አልሰፋም፤ ታቦት ልሸኝ ነው።