የመስቀል አደባባዩን የሬጌ ቀን መዝግቡልን

ይድረስ ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን፣

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። የጃማይካው የሬጌ ዘፋኝ ቦብ ማርሌ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት የሚሞላበት ቀን ነው። ባለቤቱ ሪታና ልጆቹ መድረክ ላይ ወጡ። ከሴኔጋል ዩሱ ንዱርና ባባ ማል፣ ከቤኒን አንጄሊክ ኪጆ መጥተው ዘፈኑ። በዚያ ሰሞን የቦብ አጽም ሻሸመኔ ሊቀበር ነው ተብሎ ጃማይካ ውስጥ ቁጣ ተነሥቶ ነበር። (አጽሙ ጃማይካ ይረፍ። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው።)

የዚያን ቀን ድምፅ፣ ፎቶና ትዝታ ሰብስቡልን። ተሰብስቦ ከሆነም ሕዝብ የሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

አንዳንዱ «የጋንጃ አጫሾች ጭፈራ ምን ቅርስ ይባላል?» ማለቱ አይቀርም። ጃማይካም እንደዚያ ትል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ኮራል ጋርደንስ ላይ ግጭት ሲነሣ ፖሊስ አፄ ኃይለ ሥላሴን እንደ አምላክ የሚያዩትን ራስታዎች በጅምላ እያፈሰ አሰረ፤ ደበደበ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 በፓርላማ ይቅርታ ጠየቀ። በዓመቱ ሬጌ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፈረ።

አሜሪካም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል የተካሄደበት የቤተል እርሻ ከ400 ሺህ በላይ ሰው አስተናገደ። ያኔ ብዙ ጎረቤት ተማርሮ ነበር። ዛሬ ግን እዚያ ሙዚየም አለ፤ ቦታውም እ.ኤ.አ. በ2017 በብሔራዊ የታሪክ ቦታዎች መዝገብ ገብቷል። እኔን ያስቀናኝ ሕንጻው አይደለም። ሙዚየሙ በቦታው የነበሩ ተራ ሰዎችን እየፈለገ ትዝታቸውን ይቀርጻል። ጭቃው ላይ ያደረውም፣ ምግብ ያቀበለውም ይናገራል።

እኛም ጋ የሚናገር ሰው አለ። ድምፅ ማጉያ የተከለ፣ ሥርዓት ያስከበረ፣ ሻይ የሸጠ፣ ከክፍለ ሀገር በአውቶቡስ የመጣ። ከሁሉም ቀድሞ ግን ሻሸመኔ ሂዱ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ የሰፈሩት፣ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ አብዛኛውን ያጡት፣ ያም ሆኖ አንሄድም ያሉት ራስታ አዛውንቶች እየቀነሱ ነው። ቦብ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 እነሱ ዘንድ ሄዶ ነበር። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው እስኪያልፍ አትጠብቁ።

ለጅምሩ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ሁለት ባለሙያ፣ አንድ መቅረጫና የሻሸመኔ መንገድ ይበቃል። መቼ እንደምትጀምሩ ብታሳውቁን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሬጌ አፍቃሪ