«ፀጉሬ ይቆጠራል?» ስለ መዝናኛ ፓርክ ወረፋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የመዝናኛ ፓርኮችን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ወረፋ ላይ ስለሚያልፈው ጊዜ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ልጆቼ የመዝናኛ ፓርክ ስም ከተነሣ ሌሊቱን እንቅልፍ የላቸውም። እኔም አብሬያቸው መሄድ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ወረፋ ላይ ብዙ ቆሜያለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎትም ስለ መጫወቻዎቹ ሳይሆን ስለ ወረፋው ነው።

ባለሙያዎቻችሁ ፓርክ ሲፈትሹ ብሎኑን ያያሉ፣ ቀበቶውን ይጎትታሉ፣ ፍሬኑን ይሞክራሉ። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። ልጄን ወንበሩ ላይ አስሬ ወደ ላይ ስልካት የምተማመነው በእናንተ ነው። ግን ሒሳቡን አብረን እንየው። ሮለር ኮስተር (ሽቅብ ቁልቁል የሚከንፈው የሐዲድ መጫወቻ) ላይ የምንቆየው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ነው። እዚያ ለመድረስ አንዳንዴ አንድ ሰዓት እንቆማለን። ቀናችን የሚያልፈው ወረፋው ላይ ነው። ልጆቼ ማታ ቤት ገብተው የሚያወሩትም አብዛኛው እዚያ የሆነውን ነው።

አንዱን ልንገርዎ።

እንደ እባብ የሚጠማዘዘውን ወረፋ ያውቁታል። በብረት አጥሩ መሃል ወዲያ ይሄዳሉ፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ወዲህ ይመለሳሉ። በየዙሩ ከአጥሩ ማዶ የሚያገኙት ያንኑ ሰው ነው። አንድ ቀን ቀይ ባርኔጣ ያደረጉ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተሰልፈው ነበር። መጀመሪያ ስንተላለፍ «እንደምን ዋላችሁ?» አሉን። «ደህና፣ እርስዎስ?» አልን። ሁለተኛው ዙር ላይ «ቤተሰብ ደህና?» አሉ። «ደህና ናቸው።» ሦስተኛው ላይ ሰላምታ አለቀብንና ፈገግ ብለን ተላለፍን። አራተኛው ላይ አዛውንቱ ቆም አሉ። ሁለት እጃቸውን ዘረጉና በትልቅ ድምፅ «ውይ! ጠፋሽ እኮ!» አሉኝ።

ከተያየን አምስት ደቂቃ አልሞላንም።

«ምን ላድርግ አባባ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልኳቸው። «ልጆቹማ አደጉ!» አሉ ልጆቼን እያዩ። ከፊት ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ወረፋው በሙሉ አጥር ለአጥር «ጠፋህ»፣ «ጠፋሽ»፣ «ምነው ድምፅሽን አጠፋሽ» እየተባባለ ሄደ። ፊታቸውን ቋጥረው የቆሙ ሁለት ወጣቶች ሳይቀሩ ገቡበት። ተራችን ደርሶ በሩ ሲከፈት ትንሹ ልጄ ወደ ኋላ ጎተተኝ። «እማዬ፣ አባባን አንድ ጊዜ ሰላም ብለን እንምጣ» አለ። ያን ቀን የተሳፈርንበት መጫወቻ ምን እንደነበር አሁን አላስታውስም።

ይህን ያስቀደምኩት ወረፋ ጠልቼ እንደማልጽፍ እንዲያውቁልኝ ነው። አሁን አሁን ተራን በስልክ መያዝ እየተለመደ ነው። ለደከመ፣ ለታመመ፣ ሕፃን ለያዘ ሰው እሰየው ነው። ግን ወረፋው ጨርሶ ይጥፋ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የማይተዋወቅ ሰው እንዲህ አብሮ የሚስቅበት ቦታ ብዙ የለንም። እኔ የምለምነው ሳቁን የሚያበላሹት ነገሮች እንዲስተካከሉ ነው።

ከሁሉም የከበደኝ የቁመት መለኪያው ጉዳይ ነው።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ፓርክ ውስጥ ከፊታችን አንድ ልጅ ቆሞ ነበር። ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ለመሳፈር 1 ሜትር ከ20 ያስፈልጋል። ልጁ ይህን ያውቃል። ወረፋው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል። እናቱ ፀጉሩን ወደ ላይ አበጥራ አቁማለታለች። ትንፋሹን ውጦ ይይዝና ጉንጩ ይነፋል። አየር ቢሞላ የሚረዝም መስሎት ነው። አጠገቡ የቆመው ሁሉ ያበረታዋል። አንዱ «ትከሻህን ወደ ኋላ!» ይለዋል። ሌላዋ «ካልሲ ደርብ» ትለዋለች። ልጄ ለቁመቱ ይጨምራል ብላ ከቦርሳዬ የወረቀት መሀረብ አውጥታ ሰጠችው። እሱም በቁም ነገር አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተው። ሃምሳ ደቂቃ እንዲህ አለፈ።

በመጨረሻ ደረስን። መለኪያው ያለው እዚያ መሳፈሪያው በር ላይ ነው። ልጁ ጀርባውን ለጥፎ ቆመ። አስተናጋጁ መዳፉን አናቱ ላይ ሲያሳርፍ ያ የቆመ ፀጉር ተኛ። ልጁ ዓይኑን ወደ ላይ አንከባለለና «ፀጉሬ ይቆጠራል?» ብሎ ጠየቀ።

ሁላችንም ሳቅን። አስተናጋጁም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ጎድሎ ነበር።

ማንም የሚናገረው አጣ። ልጁ ግን አላለቀሰም። አስተናጋጁን ቀና ብሎ አየውና «እሺ፣ ስንት ሰዓት ልመለስ?» አለው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም። ልጁ ያን ያህል ጊዜ ቆሞ ትንሽ ሳያድግ እንደማይቀር ገምቷል። ያ አስተናጋጅ መልስ አልነበረውም። ምን ይበል? ተንበርክኮ እጁን ጨበጠውና በጎን በር አስወጣው። እናቱ ከኋላ ተከተለች። በእነሱ ቦታ እኛ ወደፊት ተጠጋን።

ሕጉ ትክክል ነው። ወንበሩና መያዣው ለተወሰነ ቁመት ተሠርቷል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ይለፍ አልልም። ማንም እናት አትልም። ጥያቄዬ አንድ ነው። መለኪያው ለምን ወረፋው መጀመሪያ ላይ አይተከልም? አንድ ቀለም የተቀባ እንጨት ነው። አንዳንድ ፓርኮች ይህን ያደርጋሉ። መግቢያው ላይ ይለኩና ያለፈውን ልጅ ክንድ ላይ አምባር ያስሩለታል፤ መጨረሻ ላይ የሚያዩት አምባሩን ነው። በመመሪያችሁ አንድ መስመር ብትጨምሩ ስንት ልጅ ከዚያ ሃምሳ ደቂቃ ይድን ነበር።

ሁለተኛው ነገር የመጠበቂያ ጊዜ ሰሌዳው ነው። አንድ ጊዜ «20 ደቂቃ» የሚል ሰሌዳ አይተን ተሰለፍን። አርባ ደቂቃ ቆምን። ወረፋው ዞሮ ሰሌዳው አጠገብ ሲመልሰን አሁንም «20 ደቂቃ» ይላል። ትንሹ ልጄ ትክ ብሎ አየውና «እማዬ፣ ሰሌዳው ሰዓት ማንበብ አይችልም እንዴ?» አለ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ስልኩ እስኪወድቅ ሳቀ። እኔ ግን ሽንት ቤት መሄድ የምትፈልግ ልጅ ይዤ ነበር። ስንት ደቂቃ እንደቀረኝ በትክክል ባውቅ ይዣት ወጥቼ ሌላ ጊዜ እመለስ ነበር።

ደግሞ ይህን ማወቅ ከባድ አይደለም። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው ነገር አለ። ወረፋው ላይ ያለውን ሰው በየደቂቃው ለሚገባው ብታካፍሉት የመጠበቂያው ጊዜ ይወጣል። 300 ሰው ቆሞ በደቂቃ 10 ሰው የሚሳፈር ከሆነ 30 ደቂቃ ነው። አራተኛ ክፍል ያለች ልጄ ትሠራዋለች። አንድ ሠራተኛ በየሩብ ሰዓቱ ቆጥሮ ቁጥሩን ቢቀይር ይበቃል። (የወረፋን ሒሳብ መጀመሪያ የሠራው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909፣ ለኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ። ኮፐንሃገን ደግሞ ቲቮሊ የተባለው መዝናኛ ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ያለባት ከተማ ናት። ይህን ሳውቅ በጣም ደስ አለኝ።)

ስለ ፈጣኑ መስመርም ላንሳ።

የአሜሪካው የመዝናኛ ኩባንያ ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1999 በፓርኮቹ ፋስትፓስ የሚባል አሠራር ጀመረ። ሰው ቲኬት ያወጣና በተባለው ሰዓት ተመልሶ በአጭሩ መስመር ይገባል። ያኔ ነጻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ባሉት ፓርኮቹ በሚከፈልበት ተተካ። ዛሬ ተጨማሪ ከፍሎ መቅደም በብዙ ፓርኮች አለ። ልጄ መጀመሪያ ያየችው ቀን ከአጠገባችን ሰዎች ሽው እያሉ ሲያልፉ «እነዚህ ለምን አይሰለፉም?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ቸኩለው ነው» አልኳት። ወዲያው እጇን አውጥታ ለአስተናጋጁ «እኔም ቸኩያለሁ!» ብላ ጮኸች። ከኋላ አንድ ድምፅ «እኔም!» አለ። ሌላው «እኔማ ከጠዋት ጀምሮ!» አለ። ወረፋው ሁሉ «እኔም፣ እኔም» ሆነ። አስተናጋጁ በሳቅ ማስታወሻ ሰሌዳውን ፊቱ ላይ ጋረደ።

ሳቁ ጥሩ ነበር። ከሥሩ ያለው ቅሬታ ግን እውነተኛ ነው። በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር የኖረው ሪቻርድ ላርሰን ስለ ወረፋ ብዙ ያጠና ሰው ነው። ሰውን ከወረፋው ርዝመት ይልቅ ከኋላው የመጣ ሲቀድመው ማየት እንደሚያናድደው ጽፏል። እኛም እዚያ ቆመን አይተነዋል። ሃያ ሰው በዚያ በኩል ሲገባ የእኛ ወረፋ አንድ እርምጃ አይሄድም። ፓርኮቹ መስመሩን ይዝጉት አልልም። ግን ስንት ሰው በዚያ በኩል እንደሚገባ ገደብ ይኑረው። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ጊዜም እነሱን ቆጥሮ ይሁን።

የቀረው ጥላና መቀመጫ ነው። በአጭሩ ልናገር፣ ምክንያቱም ይህን ማንም ያውቀዋል። ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት የቆመ ሕፃን አይስቅም፤ ያለቅሳል። ፍሎሪዳ ያለው የዲዝኒ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2012 የሚበሩት ዝሆኖች መጫወቻ ጋ ያደረገው ደስ ይለኛል። ያኔ ቤተሰቡ መጥሪያ ይሰጠው ነበር፤ ልጆቹ ጣሪያ ያለው መጫወቻ ቦታ ውስጥ ይሯሯጡ ነበር፤ ተራቸው ሲደርስ መጥሪያው ይጮኽ ነበር። ሁሉም ፓርክ እንዲህ ያድርግ ማለት አይቻልም። ሸራ መወጠር ግን ይቻላል።

መቀመጫውን በተመለከተ ዕቃ ጠባቂዎችን አትርሱ። በየቤተሰቡ አንድ አለ። የማይሳፈር፣ የሁሉንም ቦርሳና ጃኬት ታቅፎ መውጫው ላይ የሚቆም። አብዛኛውን ጊዜ አያት ናቸው። አንድ ቀን ከፊታችን የቆመ አባት ልጆቹን ወረፋውን ሙሉ «አይዟችሁ፣ ምንም አይደለም፣ እኔ አለሁ» ሲል ቆየ። በሩ ጋ ደርሰን ከላይ ጩኸት ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረና «እማዬ፣ እግርሽን ያምሻል፤ ቦርሳውን እኔ ልያዝልሽ?» አላቸው። እማማ ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ምንም ሳይናገሩ አራቱንም ቦርሳ አንድ በአንድ አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት። መነጽራቸውንም ሰጡት። የልጅ ልጆቻቸውን ግራና ቀኝ ይዘው ገቡ። ሲመለሱ ነጠላ ጫማቸው አንዱ እጃቸው ላይ ነበር። «ድገሙኝ!» ይላሉ። አባትየው ቦርሳዎቹን እንዳቀፈ ግንቡ ጥግ ቁጢጥ ብሎ ነበር፤ መቀመጫ የለማ።

ባለሙያዎቻችሁ በሚቀጥለው ፍተሻ ከብሎኑና ከፍሬኑ ጋር ወረፋውንም እንዲያዩት እለምናለሁ። ከፈለጉ እኔና ልጆቼ አብረናቸው እንሰለፋለን። መለኪያው የት እንደቆመ፣ ሰሌዳው መቼ እንደተቀየረ፣ ጥላው የት ላይ እንደሚያልቅ እናሳያቸዋለን።

ያ ልጅ እስካሁን ሁለቱን ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ አይቀርም። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ካለው ግን እነሱም አንድ ቀን ፀጉራቸውን አቁመው ይመጣሉ። ያኔ መለኪያው መግቢያው ላይ ይጠብቃቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት