መጽሐፉ ተገዝቶ በሩን የሚከፍት ሲጠፋ

ለአዘጋጁ፦

የቤተሰብ ፋውንዴሽኖች (አንድ ቤተሰብ በራሱ ሀብት የሚያቋቁማቸው የግል የበጎ አድራጎት ተቋማት) ለአካባቢ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ስለሚሰጡት ድጋፍ ያወጣችሁት ጽሑፍ የገንዘቡን መጠን እንጂ አሰጣጡን አላነሳም። ችግሩ ያለው ግን አሰጣጡ ላይ ነው።

በአሜሪካ ሕግ፣ ድጋፍ ሰጪ የሆነ የግል ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከኢንቨስትመንት ሀብቱ 5 በመቶ ያህሉን ለበጎ አድራጎት ማዋል አለበት። ለዚሁ ሥራ የሚያወጣው የራሱ የቢሮ ወጪም፣ ተገቢ እስከሆነ ድረስ፣ እዚያው ውስጥ ይቆጠርለታል። የተቀባዩን የቢሮ ወጪ ለመሸፈን ሲሆን ግን የብዙዎቹ እጅ ያጥራል። በበጎ ፈቃድ ሒሳብ በያዝኩበት አንድ ትንሽ ድርጅት ለልጆች መጻሕፍት መግዣ ገንዘብ ተገኘ። መጻሕፍቱ መጡ። የንባብ ክፍሉን የምትከፍተው ሠራተኛ ደመወዝ ግን በጀቱ ውስጥ አልነበረም። ካርቶኖቹ ሳይፈቱ ሁለት ወር ተቀመጡ። ጥፋቱ የእኛም ነው፤ ደፍረን አልጠየቅንም።

ሌላው ችግር ድጋፉ በአንድ ዓመት ውል መሰጠቱ ነው። ሰው እስኪቀጠር ወራት ያልፋሉ። ሥራው መስመር ሲይዝ ደግሞ የማመልከቻ ጊዜ ይደርሳል። ያኔ አስተባባሪዋ ልጆቹን ትታ ቅጽ ስትሞላ ትውላለች፤ ያውም ለትንሹም ለትልቁም ገንዘብ ያንኑ ቅጽ።

ፋውንዴሽኖች ሥራው ለታየላቸው ነባር ተቀባዮች ለደመወዝና ለኪራይም የሚውል የ3 ዓመት ድጋፍ ይስጡ። ለአነስተኛ ገንዘብ የሚሞላው ቅጽም ከ2 ገጽ አይብለጥ።

አንድ አንባቢ