ለአባባ፣ ከካሜሩን ጨዋታ በፊት

ጥር 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የእግርዎ እብጠት ጎደለ ወይ? እማዬ ስጠይቃት «ደህና ነው» ከማለት አታልፍም። ይህን ደብዳቤ መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት፤ ለማንም አይስጡት።

እሁድ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ያደረግነው የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ እንዳለቀ ስደውል «ድሮም አውቄዋለሁ፤ ከእንግዲህ አላይም» ብለው ስልኩን ለእማዬ ሰጧት። አባባ፣ ዋልያዎቹ እኮ የተሸነፉት 1 ለ 0 ነው። ያሬድ ባየህ ገና በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጥቶ የቀረውን ሁሉ በ10 ሰው ነው የተጫወቱት። ጎሉም የገባው የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ነው። ከዕረፍት በኋላ ኬፕ ቨርዴ አንድም አልጨመረችም። ምድቡም አልተዘጋም፤ ከ6ቱ ምድቦች ሦስተኛ ከሚወጡት 4ቱ ያልፋሉ።

ደግሞ የ10 ሰውን ነገር እርስዎ ያውቁታል። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ የገባን ጊዜ፣ ሳላዲን ፔናልቲ ስቶ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶ፣ ዛምቢያ አግብታብን፣ አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርገን ዱላዎን ጥለው የተነሱት እርስዎ ነበሩ። ጥር 13 ነበር። በ1954 ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጩኸቱን የሰሙት የግብፅ ጨዋታም ጥር 13 ነው። ያኔ ሁለቴ ተመርተን ሁለቴ አቻ ሆነን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ዋንጫ የወሰድነውን ስንቴ ነገሩን! ለእኛ ለልጆችዎ ያን የሚያወሩ ሰው፣ እሁድ ግን አንድ ጎል በቃዎት።

«ድሮም አውቄዋለሁ»ን እኔም ቀምሻታለሁ። የማትሪክ ውጤቴ የመጣ ቀን ወረቀቱን ሳያዩ ያሉኝ ይህንኑ ነው። ያስተማሩኝ፣ ደሞዝዎን ለደብተራችን የከፈሉ እርስዎ ነዎት፤ አልረሳሁም። ግን በዓመቱ ደግሜ ስፈተን ያልነገርኩዎ ያችን ቃል ዳግም ላለመስማት ነበር። ማለፌንም መጀመሪያ የሰማችው እማዬ ናት። እርስዎ ከጎረቤት ሲሰሙ ምን እንደተሰማዎ እስካሁን አልነገሩኝም።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ «አያቴ»ን በፉጨት ነው የምትጠራው። ትልቁ አቡበከር ናስርን ነኝ ብሎ ሳሎኑን አተራምሶታል፤ እሁድም አልቅሶ ተኛና ጠዋት ማልያውን ለብሶ ተነሳ። «አያቴ ሐሙስ ያያል?» ብሎኛል። ያያል ብዬዋለሁ።

ሐኪሙ ስለ ቀዶ ሕክምናው ሲነግርዎም «ድሮም አውቄዋለሁ» ብለው ወጡ አሉ። እማዬን አይቆጧት፤ አስጨንቄያት ነው የነገረችኝ። አባባ፣ ሐኪሙ ይድናል ነው ያለው። በጊዜ ከተሠራ ይድናል። እኔ እዚህ ሆኜ ማታ ማታ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይቆማል። ቀድመው ተስፋ ሲቆርጡ ለእኛ ምን እንደሚተርፈን አስበውት ያውቃሉ?

ካሜሩን በሜዳዋ ከባድ ናት፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ሐሙስ ማታ ቴሌቪዥኑን ይክፈቱ፤ ቢመሩብንም እስከ መጨረሻው ፊሽካ ይዩ፤ ትልቁ በስልክ አብሮዎት ያያል። ቀጠሮው ዓርብ ጥር 6 ጠዋት ነው። እህቴ በታክሲ ትመጣልዎታለች። የግፊት ኪኒንዎን ይዋጡ፣ የቀድሞውን ራጅ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አውርደው ይያዙ። ከሐኪሙ ክፍል እንደወጡ ይደውሉልኝ፤ እማዬ ሳትሆን እርስዎ ራስዎ።

የሚወድዎ ልጅዎ