ቁጥጥሩ ሳይነገር ይምጣ

ይድረስ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ክቡራን ኃላፊዎች፣

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከደላንታ፣ ከወረኢሉና ከሌሎችም የወሎ ወረዳዎች እንደ እኔ ያሉ ብዙ ልጆች እንጀራ ፍለጋ ወደ ኮምቦልቻ ወርደናል። በከተማዋ በሁለት የልብስ ስፌት ድርጅቶች ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ስማቸውን የማልጠቅሰው ደብዳቤዬ ክስ ሳይሆን የሥራ ቦታ ቁጥጥር ሳይነገር እንዲመጣ የሚለምን ስለሆነ ነው።

የሁለቱ ደመወዝ ልዩነት ከወር የሳሙናና የዘይት ወጪ አያልፍም ነበር። በመጀመሪያው ግን ለሠላሳ ሁለት ኦፕሬተሮች አንዲት የመጸዳጃ ካርድ ብቻ ነበረችን፤ ከሱፐርቫይዘሩ ጠረጴዛ አጠገብ ምስማር ላይ ተንጠልጥላ ትውላለች። አንዷ ይዛት ከወጣች ሌላዋ እስክትመለስ ትጠብቃለች፣ በየሰዓቱ ሰፍተን እንድናስረክብ የተወሰነብን ኮታም ለማንም አይቀነስም፤ ስለዚህ ውኃ ሳንጠጣ መዋልን ለመድን። በአጠገቤ የምትሰፋ ልጅ ኩላሊቷን ታማ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ «ውኃ በብዛት ጠጪ» እንዳላት እያለቀሰች ነግራኛለች።

በሁለተኛው ድርጅት የመስመራችን ኃላፊ የሰዓቱን ኮታ በነጭ ሰሌዳ ላይ ትጽፍና፣ ማሽን ሲበላሽ ወይም መብራት ሲጠፋ የባከነውን ደቂቃ በቀይ ከጎኑ አስፍራ ከኮታው ትቀንስልን ነበር። ትርፍ ሰዓት ካስፈለገ ከምሳ በፊት ትጠይቀናለች፤ ልጅ ያላት ብትቀር አትቀየማትም። በመጀመሪያው ቤት አብረውኝ ከተቀጠሩት አሥራ አንድ ልጆች ዓመት ሳይሞላ የቀረነው ሁለት ነበርን፤ ከሁለተኛው ለትዳር ወይም ለወሊድ ካልሆነ የሚለቅ አላየሁም። አሠሪዎች «የአገሩ ልጆች የሥራ ባህል የላቸውም» ሲሉ ስሰማ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

ይህን ልዩነት ተቆጣጣሪዎቻችሁ አያዩትም። መምጣታቸው አስቀድሞ ስለሚሰማ በዋዜማው ወለሉን እናጥባለን፣ ሳሙና ይቀመጣል፣ ካርዷም ከምስማሯ ትወርዳለች፤ እነርሱ ከሄዱ በማግስቱ ሳሙናው ይነሣል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ተቆጣጣሪ በማናቸውም የሥራ ሰዓት ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ እንዲገባ ሥልጣን ሰጥቶታል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ ባለው የሌሊት ሰዓት ደግሞ 1.75 እጥፍ እንዲሆን ደንግጓል። እኔ ይህን ያወቅሁት ከለቀቅሁ በኋላ ነው፤ የደመወዝ ወረቀቴ የትርፍ ሰዓቱን የብር ድምር እንጂ ስንት ሰዓት እንደ ሠራሁ አይናገርም ነበርና።

የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ጉዳይ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ስለሚፈልግ አሁን አልገባበትም። የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው፤ የትርፍ ሰዓቱ ብዛትና ስሌቱ በእያንዳንዷ የደመወዝ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር እንድታስገድዱ፣ ከክልሉ አቻዎቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁም ቁጥጥሩ ሳይነገር እንዲመጣና ሠራተኞቹን አለቃ በሌለበት እንዲያነጋግር እንድታደርጉ። ልጆቹ እሑድ እሑድ ቤታቸው ይውላሉ፤ አንዱን ክፍል ለአራት ስለሚከራዩትም አንድ በር ያንኳኳ ተቆጣጣሪ የብዙዎችን ቃል ይዞ ይመለሳል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ የስፌት ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ