ፍሬን በድንገት እምቢ አይልም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። በአደጋ ዜና ላይ ደጋግሜ የማነባት ሐረግ አለች፤ «ፍሬን እምቢ ብሎት»። እኛ ሾፌሮች ደግሞ «ፍሬን በጠሰ» እንላለን። እንደ ክር ድንገት ጧ የሚል ነገር ያለ ይመስላል። መካኒክ አይደለሁም። ግን የገዛ መኪናዬ ካስደነገጠችኝ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ፍሬን እምቢ ከማለቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል። እኛ ነን የማንሰማው።

የሚናገረው በፔዳሉ ነው። የእኔው ስፖንጅ ሆነብኝ። ስረግጠው ልስልስ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መኪናዋ ትቆማለች፣ ግን ካሰብኩት ቦታ አለፍ ብላ። ቶሎ ቶሎ ሁለት ሦስቴ ስረግጠው ደግሞ ይጠነክራል። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ «ስደጋግመው ይይዛል» ብዬ ሦስት ሳምንት ነዳሁ። ሰው ፊት ለፊቴ ዘው ቢል ሦስቴ የምረግጥበት ጊዜ ከየት ይመጣል? ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ነገሩ ቀላል ነው። ፈሳሽ ተጨምቆ አያንስም፣ አየር ግን ይጨመቃል። ፔዳሉን ስንረግጥ የፍሬን ዘይቱ ጉልበታችንን እስከ ጎማው ድረስ ያደርሳል። መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ ግን ጉልበታችን አየሩን በመጭመቅ ያልቃል፣ ጎማውን አፍኖ ለሚያቆመው ሸራ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ሁሉም ልል ፔዳል ግን አየር አይደለም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ፣ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ ያዙት። እግራችሁ ሳይንቀሳቀስ ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ፣ ወይ ዘይት የሚያፈስ ቦታ አለ ወይ የፍሬን ማስተሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ፣ ጎሚኒው (የውስጥ ላስቲኩ) ዘይት ውስጥ ለውስጥ እያሳለፈ ነው። እንዲህ የሚሰምጥ መኪና ደግሞ አይነዳም፣ በቃ። ታች ወርዶ ከዚያ ድርቅ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ፣ ከሚይዘው ክብ ብረት፣ ያለው ርቀት ሰፍቶ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ሌላ በሽታ ነው፣ የእግራችንን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ ይታይ። የዘይቱን ልክም ኮፈኑን ከፍታችሁ እዩ። ሸራ ሲያልቅ ልኩ በትንሹ መውረዱ ያለ ነው፤ በአንድ ሳምንት ከቀነሰ ግን ከጎማዎቹ በስተውስጥ እርጥብ ነገር ፈልጉ። ሰው ፔዳሉን ሲረግጥላችሁ የፍሬን ዘይቱን የሚያደርሱትን የላስቲክ ቱቦዎች ተመልከቱ፤ ያረጀ ቱቦ እንደ ፊኛ ያብጣል።

ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ። የፊት ፒንሳዎቹን፣ በዘይቱ ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቁትን፣ ጋራዥ አስቀይሬ ነበር፣ ስፖንጅነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መልሼ ወሰድኩት። አየሩን አስወጡልኝ። ለውጥ የለም። እንደገና አስወጡት። ከዚያ «ማስተሩ ነው» ተባለ፣ ማስተር ተቀየረ፣ ከፈልኩ፣ ፔዳሉ እንደነበረ ነው። አንድ ቀን ጎማውን ፈትቼ ቁጭ ብዬ ሳይ የአየር ማስወጫዋ ቡሎን ወደ መሬት ታያለች። አየር ፈሳሽ ውስጥ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አይሄድም! ማስወጫዋ ከላይ መሆን ነበረባት። የግራውን ፒንሳ ቀኝ፣ የቀኙን ግራ ነበር ያሰሩት። እንዲያ ከታሰረ ዘይት እስኪያልቅ ቢያስወጡትም አየሩ ፒንሳው አናት ላይ ተኝቶ ይቀራል።

አቀያይሬ አሰርኩ፣ ልጄን መሪው ጋ አስቀመጥኳት። ውስጡ የሚታይ ቱቦ ማስወጫው ላይ ሰክቼ፣ ሌላውን ጫፍ ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ነከርኩት። «ርገጪ» እላለሁ። «ረገጥኩ አባዬ» ትላለች። «እንዳትለቂ!» ቡሎኗን ሩብ ዙር ከፈት፣ አረፋው ብልቅ ብልቅ እያለ ይወጣል፣ ዘጋ። «አሁን ልቀቂ።» ወሳኙ ነገር እግሯን የምታነሳው እኔ ከዘጋሁ በኋላ መሆኑ ነው፣ አለዚያ አየሩን መልሶ ይስባል። የዘይት ማጠራቀሚያውንም በየመሀሉ መሙላት ግድ ነው፤ ከደረቀ ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። ማስተራችሁ ያረጀ ከሆነ ፔዳሉ ሥር እንጨት ብታደርጉ ጥሩ ነው፤ ተረግጦ የማያውቀው የውስጥ ጥግ ዝጎ ጎሚኒውን ሊቦጭቀው ይችላል። አየር የሚወጣባቸው ጎማዎች ተራ እንደ መኪናው ይለያያል፣ መመሪያውን እዩ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ያላቸው አንዳንዶቹ መኪኖች ደግሞ ያለ ኮምፒውተር አየራቸው ሙሉ በሙሉ አይወጣም።

ስለ ዘይቱም ልናገር፣ ምክንያቱም «እምቢ አለ» የሚባለው ፍሬን አንዳንዱ ከዚህ ነው የሚመጣው። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ከገባበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተረግጦ ሲወረድ ፒንሳው ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሲበርድ እንፋሎቱ መልሶ ፈሳሽ ይሆናል። መካኒክ በማግስቱ ቢሞክረው ፍሬኑ ደህና ነው፣ ሾፌሩም ውሸታም ይባላል! ስለዚህ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ፣ ዘይቱም ብዙ አምራቾች እንደሚሉት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮ አትጠቀሙ። የሞተር ዘይት ጠብ እንዳትሉበት፣ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ዶት 5 እና ዶት 5.1ም ወንድማማች አይደሉም፤ 5 ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ናት። ከእንግዲህ «ፍሬን እምቢ ብሎት» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ዘጋቢያችሁ ሾፌሩን «ሰሞኑን ፔዳሉ እንዴት ነበር? ዘይቱ መቼ ተቀየረ?» ብሎ ይጠይቅልን፣ መልሱንም አትሙት።

ፔዳሉ የጠነከረለት አንባቢያችሁ